በላንድሮቨርህ የታሰረው የዋዝ ጎማ

ታዴ፣

ከሄድክ ሰባት ወር ሆነ። እንደምን አለህ ብዬ መጀመር አቃተኝ። ሦስት ወረቀት ቀድጄ ይኸው አራተኛው ላይ ነኝ። ተናድጃለሁ። ሴት ለሞተ ባሏ ደብዳቤ እንዲህ ብላ ትጀምራለች ወይ? እኔ ጀመርኩ።

ቤታችንን ልንገርህ። እናትህ ከጎባ መጥተው ከእኛ ጋር ናቸው። ሰናይት አራት ዓመቷን ይዛለች። የመኪና ድምፅ ስትሰማ ወደ በር መሮጧን ትታለች፤ መቼ እንደተወች አላየሁም። አንድ ቀን ላንድሮቨር በደጃችን አለፈ፣ እሷ መጫወቷን ቀጠለች፣ ያኔ ነው የገባኝ። ነፋሱ የጓዳውን ቆርቆሮ ገንጥሎት ነበር። የመሥሪያ ቤትህ መካኒክ ጋሽ አማን መጥተው መቱልኝ። ምስማሩን ከጨረሱ በኋላም ጣራው ላይ ብዙ ቆዩ። ሲወርዱ ፊታቸው ረጥቧል፤ ታጥበው ነው ብል ውሸት ነው፣ ውሃ እዚያ የለም።

እናትህ ምን እንደገደለህ አይጠይቁም። ገብስ እየለቀሙ፣ "ኢልማ ኮ፣ ልጄን፣ ማነው እዚያ መኪና ውስጥ ግባ ያለው?" ይላሉ። ለእኔ አይደለም የሚሉት። ለገብሱ ነው።

መልሱን አውቀዋለሁ። እስካሁን ግማሹን ብቻ ነው የተናገርኩት።

አንተ የምታውቀውን ልድገመው፤ በቅደም ተከተል ካላስቀመጥኩት ይምታታብኛል። በመሥሪያ ቤታችሁ ግቢ ሞተሩ የተቃጠለ ዋዝ፣ ያ የሩስያ ጂፕ፣ ቆሞ ነበር፣ ጎማዎቹ አዳዲስ። አንተ የምትነዳው ላንድሮቨር ሞተሩ ደህና፣ ጎማዎቹ ሽቦ ያወጡ፣ ቸርኬዎቹም በደሎ መና መንገድ ድንጋይ የተሰነጠቁ። መለዋወጫ ከአዲስ አበባ ከተጠየቀ ዓመት አልፎታል። ሥራ አስኪያጁ ግቢውን ዞረና ቆጠረ። የዋዙ ቸርኬ አምስት ቀዳዳ አለው። ላንድሮቨሩ አምስት ብሎን አለው። "አምስት አምስት ነው ጓዶች፤ ምን ትጠብቃላችሁ?" አለ።

ይህን እየሳቅክ ነበር የነገርከኝ። ጠመኔዬን ተቀብለህ ወለሉ ላይ ሁለት ክብ ሣልክ፣ አንዱን ጠበብ፣ አንዱን ሰፋ አድርገህ። በሁለቱም ላይ አምስት አምስት ነጥብ። "እይ እንግዲህ አስተማሪዋ፣ ቁጥሩ አንድ ነው፤ እስቲ አጋጥሚያቸው" አልክ። አብረን ሳቅን። ክቦቹን በማግስቱ ጠረግኳቸው።

አልገጥም ሲል ጋሽ አማን የዋዙን ቸርኬ በትራፓኖ እንዲበሱት ታዘዙ። በድሮዎቹ ቀዳዳዎች መሃል መሃል፣ ወደ ውጭ ወጣ ብሎ፣ አዲስ አምስት። የመሃሉንም በሞረድ አሰፉት። "ይሄ ቸርኬ ነው ወንፊት?" ብለው ሹክ አሉህ፤ ሹክ ማለት ያውቃሉ፣ ዕድሜ አስተምሯቸዋል። አንተ በሰው ፊት፣ ድምፅህን ሳትቀንስ፣ "ይህ መኪና የሳነቴን ቁልቁለት አይወርድም" አልክ።

ሐሙስ ሂስና ግለሂስ ነበር። ስምህ ተነሳ። ሥራ አጓታች ተባልክ። ከዚያ አንዱ "አሻጥር" የሚል ቃል ተናገረ፣ ከዚያ ቃል በኋላ ማንም ቀና ብሎ አላየኝም አልከኝ። በሚቀጥለው ሐሙስ ግለሂስህን በጽሑፍ እንድታቀርብ ተወሰነ።

ያንን ጽሑፍ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

አንተ አልፈለግክም። ጀርባህን ሰጥተኸኝ ጫማህን እየቦረሽክ፣ "ያላመንኩበትን አልፈርምም" አልክ። ለመንኩህ። ቀበሌ ያሸገውን የጎረቤታችንን በር አስታወስኩህ። ልጅ አለችህ አልኩህ። ወረቀት ነው፣ ማን ያነበዋል አልኩህ። በዚያ ቀጥ ባለው የአስተማሪ ጽሕፈቴ፣ "በቂ ጥናት ሳላደርግ በስንፍናዬ ተቃውሜ ነበር፤ ጎማው ለመኪናው ተስማሚ መሆኑን አምኛለሁ" ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ጊዜ አንብበህ ፈረምክ። "ቆንጆ አድርገሽ ጽፈሻል" አልከኝ። ምናለ ያኔ ብትሰድበኝ።

ሰኞ ጠዋት ሄድክ።

ከጓደኛው ጋር ከኋላ ተቀምጦ የነበረው የመሥሪያ ቤትህ ጸሐፊ፣ ዓለሙ፣ በክራንች መጥቶ ነገረኝ። ከሳነቴ ወደ ሪራ ስትወርዱ አንድ ጎማ ብቻውን ቀድሟችሁ ሲንከባለል አየ። "የማን ጎማ ነው ብዬ ሳቅኩ እኮ፣ እትዬ" አለኝ። አንተ አልሳቅክም አለ። መሪውን ከገደሉ ወደ ተራራው አዙረህ መኪናውን በራስህ በኩል አላተምከው። እሱና ጓደኛው በዚያ ተረፉ። ቸርኬው ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ተቀዶ ተገኘ፣ ቴምብር ከሉኩ በቀዳዳው መስመር እንደሚቀደድ።

አንተ ላይም ተናድጃለሁ፣ ታዴ። ፊርማው የእኔ ልመና ነው ልበል፤ መኪናው ውስጥ መግባቱስ? እያወቅክ ቁልፉን አዞርክ። ይህን ስጽፍ ደግሞ አፍራለሁ። ባትገባ ኖሮ ያ አሻጥር የሚል ቃል እንደገና ይነሳ ነበር። ከዚህ በላይ አልገፋውም፤ በገፋሁት ቁጥር ወደ እኔ ይመለሳል።

ባለፈው ሳምንት ሥራ አስኪያጁ አስጠራኝ። ወንበር ሰጠኝ። "እህቴ" አለኝ። ፋይሉ እንዲዘጋ የአደጋውን ሪፖርት ቤተሰብ መፈረም አለበት አለ። ሪፖርቱ አደጋው የደረሰው ሾፌሩ ከልክ በላይ በመፍጠኑ ነው ይላል። አንተን። በጎባ መንገድ የገበያ አህያ የሚቀድምህን አንተን። ጎማውስ ስለው ሌላ ወረቀት አወጣ። የእኔ ጽሕፈት። "ይኸው፣ ተስማሚ ነው ብሎ ራሱ አረጋግጧል። ጽሕፈቱም ያማረ ነበር" አለ። እያወቀ ይሁን ሳያውቅ እስካሁን አልገባኝም።

እስክሪብቶ ዘረጋልኝ፣ ያዝኩት። ልደብቅህ አልፈልግም፣ ትንሽ ያዝኩት። ከዚያ ቤት ወስጄ ላንብበው አልኩ። ስወጣ ጋሽ አማን በግቢው ሦስቱን የተረፉ ቸርኬዎች አሳዩኝ። ሪፖርቱ እስኪፈረም ነው የሚጠበቀው፣ ለሌላው ላንድሮቨር ይታሰሩ ተብሏል አሉ። ጥፋቱ የፍጥነት ከሆነ ጎማው ንጹሕ ነዋ።

የዚያኛው መኪና ሾፌር የማላውቀው ሰው ነው። ሚስት አለችው ወይ ብዬ አልጠየቅኩም።

ዛሬ ሪፖርቱን መለስኩ። በፊርማው ቦታ፣ ቀጥ ባለው ጽሕፈቴ፣ እንዲህ አልኩ፦ "አልፈርምም። ጎማው ተስማሚ ነው የሚለውን ቃል የጻፍኩት እኔ ሚስቱ አልማዝ ነኝ። ባሌ አይሆንም ብሎ ነበር። የተበሱት ቸርኬዎች ሰው ገድለዋል፤ በሌላ መኪና እንዳይታሰሩ።" ሥራ አስኪያጁ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጎ አያቸው። "ምን እንደጻፍሽ ታውቂያለሽ?" አለኝ። እህቴ የሚለው ቀርቷል። አውቃለሁ አልኩት። ድምፄ ግን ጥሩ አልነበረም፣ ሰምቶታል።

ለሐሙስ በሰው ሁሉ ፊት ቃሌን እንድሰጥ ተጠርቻለሁ። ቸርኬዎቹ እስከዚያ ባሉበት ይቆያሉ ተባለ። ምን እንደሚያደርጉኝ አላውቅም፤ ሰናይትን ለእናትህ አደራ ብያለሁ። ለእሳቸውም የቀረውን ግማሽ ነገርኳቸው። ግባ ያልኩት እኔም ነበርኩ አልኩ። ገብሱን አስቀምጠው እጄን ያዙ።

ሰው እንዴት ሞተ ሲለኝ፣ በመኪና አደጋ ብዬ አላልፍም። አይሆንም ብሎ ነበር፣ ማንም አልሰማውም፣ እኔም አልሰማሁትም እላለሁ። በየዓመቱ፣ ለጠየቀም ላልጠየቀም። ሐሙስ ደግሞ ከሁሉ በፊት ስምህን ከነአባትህ እጠራዋለሁ።

አልማዝህ