ከምልክቱ ሥር የሚጻፈው ቃል

ደብረ ታቦር፣ ጥቅምት 1980 ዓ.ም

((X⍳X)=⍳⍴X)/X

ዘውገ፣ እንዴት ሰነበትክ? የጠየቅከኝ የፕሮግራም መስመር ከላይ ያለው ነው። ተደጋግሞ የተመዘገበ ስም ሲያገኝ አንዱን ብቻ ያስቀራል። ቴሌግራም እንዲህ ያለውን ፊደል ስለማያውቀው ፖስት ካርድ ላይ በእጄ ሳልኩልህና ካርዱን ለፖስታ ቤቱ ሠራተኛ ሰጠሁት። አገላብጦ አየውና «ጓድ፣ እኔ ያልገባኝን እንዴት አድርጌ ልላከው?» አለኝ። ዘመኑን ታውቀዋለህ፤ የሚስጥር ጽሑፍ መስሎታል። የኮምፒዩተር ቋንቋ ነው ብዬ ባስረዳው ይብስ ፈራ።

ከኋላዬ ተራ ይጠብቁ የነበሩ አንድ መሪጌታ በትከሻዬ አሻግረው አዩና ሳቅ አሉ። «ምን ያስፈራል? የዜማ ምልክት ነው እንጂ። ልጄ፣ ቃሉን ረስተሽዋል፤ ምልክቱን ብቻውን ማን ያዜመዋል?» በእሳቸው መጽሐፍ ምልክቱ ከቃሉ ራስ ላይ በደቃቁ ይጻፋል፤ የእኔ ሥሩ ባዶ ሆኖባቸው አዘኑልኝ። እኔና አንተ አብረን በሠራንበት ቢሮ ምልክት ብቻ የሞላበትን ስንቱን ወረቀት ያለ አንድ ቃል ተለዋወጥን! ሠራተኛውም እፎይ አለና «እንግዲያው ቃሉን ይጻፉበት» ብሎ ካርዱን መለሰልኝ።

ይኸው ባንኮኒው ላይ ተደግፌ እየጻፍኩ ቦታው አለቀ። ለእናትህና ለቢሮው ልጆች በሙሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ቃሉ ይኸውልህ፦ ናፍቀኸኛል። ማሽኑ ሁለቴ ቢያገኘው አንዱን ይጥለዋል፤ አንተ ግን ደጋግመህ አንብበው።

ውብአለም