ባለ ቢጫ ፍሬው አጥር

ዲላ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሱመይራ፣

ድሬዳዋ ላላችሁት፣ ለአንቺም ለባለቤትሽም፣ ያገኘችውን ሁሉ ለምትቀምሰው ለሒባም ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ጉልበቴም ተሽሎኛል፤ ሁለት ቀን ስቆፍር ውዬ ምንም አላለኝም።

«የወፍ ቆሎው አጥር መርዝ ነው፤ ካልተነቀለ ሒባን ይዤ አልመጣም» ብለሽ የላክሽውን አንብቤ ተናደድኩ። ሃያ ስምንት ዓመት ባዮሎጂ ያስተማረ ሰው የግቢውን ተክል በስልክ ፎቶ አይነገረውም። ዓምናም ይህንኑ ብዬ ስጮኽብሽ ነው ሳምንትሽን ሳትጨርሺ የሄድሽው። ስለዚህ መጽሐፌን ከሣጥን አወጣሁና ፍሬውን በምላጭ መሰንጠቅ ጀመርኩ።

ጎረቤታችን ደበበ መጥቶ አንዱን ፍሬ እንደ ቀይ ቡና በሁለት ጣቱ ጨመቀው።

«ጋሼ ኸድሩ፣ ይሄ ውስጡ መንታ ፍሬ የለውም እኮ!»

«ቡና ነው ያለህ ማነው?»

«ወፍ ሲበላው ውሎ ምንም አይሆንም። ሰው ቢበላው ምን ይሆናል?»

«አንተ ወፍ ነህ?» አልኩት። እየሳቀ ሄደ።

አሁን ልብ ብለሽ አንብቢ። የወፍ ቆሎ ፍሬው እጅብ ብሎ ነው የሚወጣው፤ ሲበስል ይጠቁራል። የእኛው እንደ ጨሌ ተደርድሮ ይንጠለጠላል፤ ሲበስል ቢጫ ነው፤ ጫፉ እንደ ወፍ መንቁር ይሾላል፤ ውስጡ አራት ጠንካራ ፍሬዎች አሉ። ዱራንታ ይባላል። ስሙን ተሳስተሻል።

መርዝነቱን ግን አልተሳሳትሽም። ለሕፃን አደገኛ ነው። ከአሥር ሰባት ሰጥቼሻለሁ። ስም ለተሳሳተ ተማሪ ከአምስት በላይ ሰጥቼ አላውቅም።

እናትሽ ይህን ስነግራት፣ «አሥራ አንድ ዓመት ያሳደግሁትን? እሱን ከነቀልክ አንተም ተከትለኸው ውጣ!» አለችኝ። ከነሥሩ ነቀልኩት። መሬት የወደቀውን ፍሬ እንኳ ተንበርክኬ አንድ በአንድ ለቅሜ ቀበርኩ። ይኸው ሦስት ቀን እናትሽ አላናገረችኝም፤ ምሳዬን አስቀምጣልኝ ትሄዳለች። ትናንት ግን የሒባን ትንሽ ፍራሽ ፀሐይ ላይ አውጥታ ስትመታው አየኋት።

በረንዳው ላይ ስቀመጥ አሁን አስፋልቱ ድረስ ይታየኛል። ከሐዋሳ በኩል የሚመጣ ሚኒባስ በቆመ ቁጥር የሚወርደውን ሰው አያለሁ። ለሌላ አይደለም፤ አጥሩ ስለሌለ ነው።

አላህ መንገዳችሁን ያቅናላችሁ፤ ልጅሽን ያሳድግልሽ።

አባትሽ
ኸድሩ