አንዴ ብቻ የሚጮህ ስልክ

ውድ አባዬ፣

ስልክ ላይ ረጅም ወሬ እንደማትወድ ስለማውቅ ነው ወረቀት ያነሳሁት። «ስልክ ለመልእክት እንጂ ለሐሜት አልተሠራም» ትላለህ፤ ከሁለት ደቂቃ በላይ ካወራሁህ አተነፋፈስህ ራሱ ይለወጣል። ደብዳቤ ግን መነጽርህን አድርገህ፣ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብለህ ታነበዋለህ፤ ሲሰለችህም አጥፈህ ታስቀምጠዋለህ። ደግሞ ዓይን ዓይንህን እያየሁ የማልናገረው ነገር አለ። አባዬ፣ ባለፈው ወር በገዛ እጄ ሰረዝኩህ።

አትደንግጥ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ሰው «ልጅህ ምንድን ነው የምትሠራው?» ሲልህ «ኮምፒውተር ውስጥ ዝናብ ታዘንባለች» እንደምትል ሰምቻለሁ። ብስቅብህም ውሸት አይደለም። ክፍላችን ጠባብ ነው፣ መጋረጃው አይከፈትም፣ ማሽኖቹ ቀኑን ሙሉ ያንጎራጉራሉ። ግድግዳው ላይ ባለው ትልቅ ስክሪን ከተማችን አለች፤ ቤቱ፣ መንገዱ፣ ወንዙ፣ የስልክ አንቴናው። ሰው ግን አይታይም፤ ሰው መኖሩ የሚታወቀው ሲደውል በምትበራ አንዲት ትንሽ ነጥብ ነው። አንድ ቀን በአንድ ደቂቃ ያልፋል። ወንዙን እንሞላዋለን፣ መብራቱን እናጠፋለን፣ ከዚያ ማን ማንን ማግኘት እንደቻለ ቁጭ ብለን እናያለን። አንዳንዴ ሳየው እውነተኛዋ ከተማ የቷ እንደሆነች ይምታታብኛል።

«እንዲህ ቢሆንስ?» የሚለውን ሁሉ እያሰበ የሚያቀርብልን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። አያ ምናልባት የሚል ስም አውጥተንለታል፤ ያለዚያች ቃል አፉን አይከፍትማ። ምናልባት ድልድዩ ቀድሞ ይሰበራል፣ ምናልባት ጎርፉ የሚመጣው ሰው ተኝቶ ሳለ ነው ይላል። ብትተዋወቁ ትጣሉ ነበር፤ አንተ ዕድሜህን የስልክ ሽቦ ስትቀጥል የኖርክ ሰው፣ «ምናልባት» የሚል ምሰሶ ላይ አይወጣም ባይ ነህ።

የተጠየቅነው አንድ ነገር ነበር። ጎርፍ መጥቶ መብራት ቢጠፋ ከተማዋ ያላት ጄኔሬተር ለሁሉም አንቴና አይበቃም፤ እና የትኛው ይብራ፣ የትኛው ይጥፋ? መልሱን ሐሙስ ዕለት ለከተማው የአደጋ መከላከያ ኃላፊዎች ልናስረክብ ቀጠሮ ነበረን። ለዚህ ሥራ የአንድ ዓመት የጥሪ መዝገብ ሰጥተውናል፤ ስምም ቁጥርም የለውም፣ ከየት ወደ የት፣ መቼ፣ ለስንት ሰከንድ የሚል ብቻ። ማጽዳቱ የእኔ ድርሻ ነበር። እኔም ያልተነሳ ጥሪ ሁሉ ቆሻሻ ነው ብዬ ጠረግኩት። አንድ ትእዛዝ ጻፍኩ፣ ሻዬን ጠጣሁ፣ አለቀ።

አያ ምናልባት ያንን መዝገብ ይዞ መቶ ዓይነት ጎርፍ አሰበና ቀድሞ ይጥፋ ያለው አሥራ ሰባተኛውን አንቴና ሆነ፤ የታችኛውን ሰፈር፣ የአንተን። ምክንያቱን ሲጽፍ «በዚህ ሰፈር የሚደዋወል ሰው የለም ማለት ይቻላል» አለ። እኔ ደግሞ ከሥሩ ፈረምኩበት። አዎ፣ የራሴን ስም።

ሰኞ ከሰዓት ሙቀቱ አናቴ ላይ ወጥቶ ስክሪኑ ፊት ሸለብ አደረገኝ። በሕልሜ ሰው በሌለባት ከተማ ውስጥ መሰላልህን ተሸክመህ ትሄዳለህ። ምሰሶ ላይ ትወጣለህ፣ ሽቦ ትቀጥላለህ፣ አንዴ ትደውላለህ፣ መልስ የለም። ውሃው ከሥርህ ቀስ እያለ ይሞላል። አንተ ግን አትወርድም፤ እግርህን አጣምረህ ትጠብቃለህ። ልጮህልህ ብሞክር ድምፄ አይወጣም። እዚያ የሚታየው የደወለ ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ አልደወልኩም።

ስነቃ ስክሪኑ ላይ ታችኛው ሰፈር ድርግም ብሎ ጠፍቶ አየሁት። ጉድ ነው! የእኛ ሰፈር አፉ ተዘግቶ ያውቃል? አያ ምናልባትን መልሼ ጠየቅኩት። «ምናልባት ያላሳያችሁኝ ነገር አለ። ምን ጥላችኋል?» አለኝ።

የጣልኩትን ከፈትኩት። ከታችኛው ሰፈር ከተደወሉት ከአሥሩ ዘጠኙ አንዴ ጮኸው የተዘጉ ነበሩ። ደርሻለሁ፣ በሩን ክፈቱ፣ ልጁ ተኝቷል፣ አለሁ። ሰዉ ስልኩ ሳይነሳ ነው ለካ የሚነጋገረው። ወደ መዝገቡ መለስኳቸውና አንዱን ቀን እንደገና አስኬድኩት፤ ዝናብ መስታወት ላይ ጠብ ጠብ እንደሚል ሰፈሩ በነጥብ ተሞላ። ከመካከላቸው አንዷን ነጥብ አወቅኳት። ስም አያስፈልጋትም፤ በየቀኑ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ፣ ከአሥራ ሰባተኛው አንቴና ወደ እኔ ቤት አንቴና፣ አንዴ።

ከቤት የወጣሁ ዕለት ያልከኝን አልረሳሁም። «አንዴ ከጮኸ አለሁ ማለት ነው። ሁለቴ ከጮኸ ነይ ማለት ነው። ሦስቴ ከጮኸ መነጽሬ ጠፍቶኝ ነው።» እኔም አንዴ መልሼ እደውል ነበር። መቼ እንደተውኩት አላውቅም፤ ሥራ በዛ፣ እንቅልፍ ጣመ፣ ደግሞ አደግኩ መሰለኝ። ሁለት ዓመት ሞላኝ። አንተ ግን አንድም ቀን ለምን አላልከኝም። ዝም አይነቅዝም ትላለህ፤ በእኔ ግን ነቀዘብኝ።

በእኛ ሙያ አንድ መሣሪያ ሦስት ጊዜ ጠርቶ መልስ ካጣ፣ ያኛው ሞቷል ብሎ ይመዘግብና ይተወዋል። የአንተን ቆጠርኩት፤ በዓመቱ ውስጥ ሦስት መቶ ስልሳ አንድ። ከእኔ የተመለሰ፣ ባዶ። ከዚያ አራቱ ቀን የት ሄደ አልኩ። በተከታታይ አራት ጠዋት አልደወልክም፤ እኔም ልብ አላልኩም። ለጎረቤትህ ለልብስ ሰፊዋ ደውዬ ጠየቅኳት። መጀመሪያ ነገሩን ልታድበሰብስ ሞከረች፤ በኋላ ግን ሳንባህን ታመህ ሆስፒታል ተኝተህ እንደነበር፣ ለልጄ እንዳትነግሪ ብለህ እንዳስማልካት ነገረችኝ። ስልኩን ዘግቼ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ሐሙስ ኃላፊዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ለአለቃዬ ተናዘዝኩ። ሴትየዋ በነጠላ ሰረዝ የምትጣላ ናት። ሪፖርቱን ገልብጣ ፊርማዬን አየች፣ እኔን አየች። «ይህን ስትጥይ ምን ነው ብለሽ ነበር?» አለችኝ።

«ቆሻሻ።»

«አሁንስ?»

«አባቴ ነው» አልኳት።

ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች፣ ሁሉንም እንደገና አስኬድነው። አያ ምናልባትም «ምናልባት በጎርፍ ቀን ገበያ አይኖርም» ብሎ የገበያ አዳራሹን ጄኔሬተር ለአሥራ ሰባተኛው ሰጠው። ኃላፊዎቹ አጉረመረሙ፣ ተከራከሩ፣ ተቀበሉ። አሁን ወንዙ ቢሞላ ከተማው ሁሉ ጨልሞ የመጨረሻው የሚጠፋው የእናንተ ነው። ያም ሆኖ ውሃው ሲመጣ ጣሪያ ላይ ወጥተህ አንቴናውን ልጠግን እንዳትል፤ አውቅሃለሁ።

ዛሬ ጠዋት ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ ጠበቅኩህ። ጮኸ። ልመልስልህ ብዬ ተውኩት፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ድንገት በማለዳ ቢጮህብህ ክፉ ነገር መጣ ብለህ እንዳትደነግጥ ፈራሁ። ስለዚህ ይህን አስቀደምኩ፤ ልብስ ሰፊዋ ዛሬውኑ ታደርስልሃለች።

ትንሽ ሳለሁ ስለ ሥራህ ስጠይቅህ ከሁሉ አስበልጠህ የምትነግረኝ አንድ ደንብ ነበር። ሽቦውን ከቀጠልክ በኋላ ወደ ጣቢያው አንዴ ትደውላለህ፤ ከታች አንዴ ይመለስልሃል። ያ ምላሽ ሳይመጣ፣ ቢዘንብም ቢመሽም፣ ከምሰሶ አይወረድም። «እግርህን አይደክምህም?» ስልህ «ታች ሰው እንዳለ ካወቅክ አይደክምም» ትለኝ ነበር።

አባዬ፣ ነገ ጠዋት አንዴ ከደወልክ በኋላ ስልኩን ኪስህ አትክተተው። ትንሽ ያዘው። አንዴ ይጮሃል፣ እኔ ነኝ።

ያኔ ውረድ።

ታች ያለችው
ልጅህ