በፊታውራሪ ግቢ የተለቀሰልህ

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ ለእንደሻው፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ራስህ፣ ወገብህ፣ ብርድ ሲሆን የሚያስቸግርህ ያ ሳል እንዴት ነው? እህልስ ትበላለህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን፤ አለን ማለት ካስቻለ። ስልክህ ከጠፋ አራት ወር አልፎናል። ይህን ደብዳቤ የምሰድልህ እዚያው ጆሀንስበርግ ሱቅ ባለው በጎረቤታችን በፋጡማ ልጅ በሀሚድ እጅ ነው። ኢንሻአላህ ካለበት ፈልጌ እሰጠዋለሁ ብሎኛል።

እንዱዬ፣ አባባ ሞተሃል ብለው ለቅሶ ተቀምጠውልሃል።

እንዴት መሰለህ፤ ከሐኪም ተራራ ሥር ያለው የፊታውራሪ ግቢ፣ አባባ በጎረምሳነታቸው አትክልተኛ የነበሩበት፣ ዘንድሮ ለሕዝብ መናፈሻ ሆነ። የተከፈተው ጥር 4 ቅዳሜ ነው። የእድራችን ሽማግሌዎች ግቢውን እንደ አባይነህ የሚያውቅ የለም፣ እየዞረ ያሳየን ብለው ሊወስዷቸው መጡ። ደግ አሰቡ። ግን ፀሐይ ሳይበረታ ብለው ገና ጎህ ሲቀድ፣ አምስት ሆነው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው በር አንኳኩ! እስቲ እድርተኛ በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ ለምን ይመጣል? ለመርዶ ነዋ! አባባ ሲያዩአቸው ፊታቸው አመድ መሰለ። ምነው በደህና ቢሉ፣ "ደህና ነው፣ ብቻ ልበስና አንዴ እንውጣ" አሏቸው። መርዶ ነጋሪስ የሚለው ይህንኑ አይደል?

እኔም አብሬ ሄድኩ። መንገዱ አጭር ነው፤ ከግቢው በር እስከ ላይኛው የፊታውራሪ ቤት የግማሽ ሰዓት ዳገት ቢሆን ነው። ድንጋይ አንጥፈውበታል፤ ዞር ብለህ ስታይ ጀጎል ከነግንቡ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንዱ ሽማግሌ "አባይነህ፣ ፊታውራሪ ሳያዩህ ከዚህ ትርንጎ ስንቱን በላህ?" ብሎ ቀለደ። ሁሉም ሳቁ፣ እኔ ሞኟም ሳቅሁ። አባባ ግን ዳገቱን ቀጠሉ። ላይ ስንደርስ ለምረቃው ድንኳን ተተክሎ፣ ሰው በወንበር ተደርድሯል። በቃ! "ልጄን!" ብለው መሬት ላይ ወደቁ። የሐረር ሰው ደግሞ ለቅሶ ሰምቶ መች ያስችለዋል፤ ማን እንደሞተ ሳይጠይቅ ሴቱ ሁሉ ተነስቶ አብሯቸው አለቀሰ። ይህን አይተው አልሞተም ብንላቸው እንዴት ይመኑን?

ከዚያ ወዲህ ራሳቸውን ተላጭተው፣ ጥቁር ለብሰው፣ መሬት ላይ ነው የሚተኙት። እህል በልመና ነው። አለ ስላቸው፣ ድምፁን አሰሚኛ ይሉኛል። ምን ላሰማቸው? የካቲት 13 አርባውን ካላወጣችሁለት ብለዋል። የንስሐ አባታችን ሞቱ ላልታወቀ ሰው ፍትሐት አላደርስም ቢሏቸው፣ እሳቸውንም አኩርፈዋል። እኔም አልዋሽህም፤ ሰው ፊት እሟገትልሃለሁ፣ ብቻዬን ስሆን ግን እንደ አባባ እጠራጠራለሁ። ከፍቶህ፣ ታስረህ፣ ተቀይመኸንም ቢሆን ግድ የለም። በሀሚድ ስልክ ደውለህ አንዴ ብቻ "አባባ" በል። እባክህ፣ ከየካቲት 13 በፊት። እሳቸውም እስከዚያ ከቆዩልኝ ነው።

ባለቤቴ ዘላለም እጅግ አድርጎ ሰላም ብሎሃል። ልጄ ሊድያ ጉንጭህን ስማሃለች፤ ዘጠነኛ ክፍል ገብታልሃለች። ፋጡማ ዱአ ላይ ናት። አባባን ሰላምታዎን ልጻፍለት ብላቸው፣ "ለማን?" አሉኝ።

እህትህ ጽጌሬዳ አባይነህ
ሐረር፣ አቦከር
ጥር 24 ቀን 2016 ዓ.ም.