ለሰኔ ሚካኤል በረዶውን ዞረን

ብርቄ፣ የኔ ሆድ፣

ከተለየሽኝ እነሆ አንድ ዓመት ከስድስት ወር ሆነ። እስከ ዛሬ ሳልጽፍልሽ የቆየሁት ረስቼሽ አይደለም። የምለው ሁሉ ያው "ቤቱ ጭር አለ" ብቻ ስለነበረ፣ ያንንም ሳልነግርሽ ስለምታውቂው ነው። ዛሬ ግን ወሬ ይዣለሁ። ብትኖሪ ማማሰያሽን እንደያዝሽ ዞር ብለሽ "ማን? አንተ?" የምትዪኝ ዓይነት ወሬ ነው። ከአሥር ቀን በኋላ፣ የሜይ አሥራ ሰባት የነጻነት በዓላቸው ሰልፍና ባንዲራ ባለፈ ማግስት፣ ቦርሳዬን አዝዬ ከኦስሎ እስከ ትሮንድሃይም በእግሬ ልሄድ ነው።

አዎ፣ እኔው ነኝ። ከባቡር ጣቢያው እስከ ቤታችን ያለችውን ዳገት "አውቶቡስ እንጠብቅ" እያልኩ የማስቆምሽ ባልሽ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ሰፈራችን ሆልምሊያ እንደነበረች ናት። ባቡሩ ዛሬም እኔ ስደርስ በሩን ይዘጋል። የሳሎኑን መጋረጃ ልጃችን ማሂ ቀይራዋለች፤ ያንቺን አጥባና አጣጥፋ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጣዋለችና እንዳትቆጪ። ልጅሽ የነርስነት ትምህርቷን ሁለተኛ ዓመት ልትጨርስ ነው። በየእሑዱ የደም ግፊቴን ትለካለች፤ ቁጥሩ ካልጣማት ጨው ትደብቅብኛለች። በረንዳ ላይ የተከልሽው ጤና አዳም ሞቷል ብዬ ልነቅለው ስል ከሥሩ አቆጥቁጦ አሳፈረኝ። ከታች ቤት ያሉት አቶ ተስፋይ ጡረታ ወጥተው አሁን ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ ናቸው። የጉዞዬን ነገር ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው፣ "በእግራችን ሱዳን ገባን፣ በአውሮፕላን ኖርዌይ ገባን፤ አሁን ደግሞ በእግርህ ወዴት ልትሰደድ ነው?" አሉኝ። እኔም አንቺን ስንት ጊዜ ያልኩሽ ይህንኑ ነበር። የእግር ድርሻዬን መተማ ሳልደርስ ጨርሻለሁ እልሽ ነበር። ያኔ እግሬ አውጪኝ ብለን ነው የሄድነው፤ እዚህ አገር ግን ሰው ማንም ሳያባርረው ተራራ ይወጣል።

ነገሩን የጀመርሽው አንቺ ነሽ። ሐኪሞቹ ደረቴን የከፈቱት በጥር ሚካኤል ዕለት ነበር። አንቺ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብለሽ በቦርሳሽ ውስጥ ከነጠላሽ ሌላ ያገኘሽው ነገር ቢኖር የሥራ ባልደረባሽ ቱሪድ የሰጠችሽ ፖስት ካርድ ነው። የትሮንድሃይም ካቴድራል ፎቶ ነበረበት። ቱሪድ በድሮ ጊዜ የዚህ አገር ሰው ወር ሙሉ በእግሩ እየሄደ እዚያ ይሳለም እንደነበር ነግራሻለች። አንቺ ደግሞ ካርዱን አስጠግተሽ ስታዪ ማማው ጫፍ ላይ ክንፍ ያለው፣ ጦር የያዘ፣ ዘንዶ የረገጠ መልአክ አየሽ። ሌላ ማስረጃ አልፈለግሽም። "ባሌን ካስነሳህልኝ በእግሬ መጥቼ በሰኔ ሚካኤል ከሥርህ እቆማለሁ" ብለሽ ተሳልሽ። ቤተ ክርስቲያኑ የሉተራን ነው ብልሽ፣ "ማማ ላይ ካወጡት አይቀር የማንም ይሁን፣ እሱ እንደሆነ ከላይ ያየኛል" አልሽኝ።

እኔ ተነሣሁ። አንቺም ጫማ ገዛሽ።

ያ ጫማ! ቱሪድ አዲስ የተራራ ጫማ ከረጅም መንገድ በፊት እግር መልመድ አለበት ስላለችሽ ልታለምጂው ፈለግሽ። ግን በዚያ ሁሉ ዋጋ የተገዛ ጫማ ጭቃ ማስነካት አልሆነልሽም። ስለዚህ ማድ ቤት ውስጥ አለመድሽው። ሁለት ክረምት ሙሉ የተራራ ጫማ አድርጋ ሽንኩርት የምታቁላላ ሴት በመላው ኖርዌይ ያለሽው አንቺ ብቻ ሳትሆኚ አትቀሪም። አቶ ተስፋይ ደረጃ ላይ አስቁመውኝ ፈረስ ገዝታችሁ ይሆን ብለው ጠይቀውኛል። ኋላማ መጥረጊያቸውን ገልብጠው በእጀታው ጣሪያቸውን ይመቱ ጀመር። እሳቸው ሁለት ጊዜ ሲመቱ አንቺ በተረከዝሽ ሁለት ጊዜ ትመልሺላቸው ነበር። እኔ ቴሌቪዥኔን እያየሁ በሁለታችሁም እስቅ ነበር።

አሁን ደግሞ የማያስቀውን ልንገርሽ።

ሰኔ አሥራ ሁለት በፈረንጁ ጁን አሥራ ዘጠኝ ነው። በዚያ ቀን ለመድረስ በጁን መጀመሪያ የዶቭረን ተራራ መሻገር ግድ ነው፤ በዚያ ሰሞን ተራራው ገና በረዶውን አላራገፈም። አንቺ ስትሳዪ ያሰብሽው የአገራችንን ሰኔ ነው። ዝናብና ጭቃ ቢኖር እንጂ በረዶ ከየት ይመጣል ብለሽ። የመጀመሪያው ዓመት ደረቴ አልጠገገም ነበር፣ እሱስ እውነት ነው። ሁለተኛው ዓመት "በረዶ አለ፣ ለከርሞ" አልኩሽ። ሦስተኛው ዓመትም "በረዶ አለ፣ ለከርሞ" አልኩሽ። በረዶው ነበር፣ አልዋሸሁም። ግን እኔን ያስቀረኝ እሱ አልነበረም። ሰንፌ ነው፤ ደግሞም ልቤ መንገድ ላይ ቀጥ እንዳትል ፈርቼ ነው፤ ፍርሃቴንም ለሚስቴ መናገር አፍሬ ነው። አንቺም አውቀሽብኝ ይሆናል፣ "እሺ፣ ለከርሞ" ብለሽ ጫማሽን አድርገሽ ወደ ምድጃሽ ሄድሽ። በመስከረም ታመምሽ። ጥቅምት ሳያልቅ ቀበርንሽ።

ባለፈው ጥር ማሂ ቁም ሣጥኑን ስታስተካክል ጫማውን አውጥታ ለሰው እንስጠው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ተቀብዬ አሸተትኩት። ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። የግራው አፍንጫ ላይ ያቺ የቀይ ወጥ ዘይት ጠብታ አለች። ለማንም አንሰጠውም አልኳት፤ በማግሥቱም ሥራ ቦታዬ አልናብሩ መጋዘን ስገባ ከሰሜን የሚመጡትን የከባድ መኪና ሹፌሮች እየዞርኩ ተራራው በጁን እንዴት ይሆናል እያልኩ መጠየቅ ጀመርኩ። አንዱ እስከ ጉልበት ይውጥሃል ይላል። ሌላው በረዶው ሲሟሽሽ ከሥሩ ወንዝ ስላለ ከላይ ረግጠህ ከታች ትገኛለህ ይላል። ሌላው ደግሞ እዚያ ስለሚዞሩት ጠጉራም በሬዎች ነገረኝ፤ የሰው ፊት አይወዱም አለኝ። እኔም የእነሱን አልወደድኩትም።

አርኔ የሚባል ዝምተኛ ሹፌር አለ። ጥያቄዬን እስከ መጨረሻው ሰማና ለምን ተራራውን ትወጣለህ አለኝ። የእሱ አገር በስተምሥራቅ ያለው ሸለቆ ነው፣ ኡስተርዳል ይሉታል። ተሳላሚዎቹ በዚያም በኩል ይሄዱ ነበር፤ አያቱ በደጃቸው የሚያልፈውን የድሮ የእግር መንገድ ታሳየው ነበር። ሐማር ከምትባለው ከተማ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ፣ ግሎማ ወንዝን ይዞ ሽቅብ ይሄድና ወደ ትሮንድሃይም ይወርዳል። ከፍ የሚልበት ቦታ ቢኖርም ዛፍ ከማይበቅልበት አይደርስም። በረዶስ ስለው ሳቀብኝ። በጁን እናቴ ድንች ተክላ ጨርሳለች አለኝ።

ብርቄ፣ አርኔ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እቃውን ያወረድኩለት ሰው ነው። በየሳምንቱ ፊቴ ይቆማል። አንድ ቀን አንዲት ጥያቄ ብጠይቀው ኖሮ አንቺና እኔ ሁለት ጊዜ ሄደን በተመለስን። የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍቴን አጥፍቼ ባዶ የእንጨት ፓሌት ላይ ተቀመጥኩ። አርኔ ልቤን ያመመኝ መስሎት ውሃ አመጣልኝ። አልተሳሳተም። ይቅር በይኝ።

የንስሐ አባታችን ዘንድ ሄጄ ሁሉንም አንድ ሳላስቀር ተናገርኩ። ሁለት ነገር ጠየቅኋቸው። የሟች ስለት በሌላ ሰው እግር ይደርሳል ወይ? ተራራውን ዞሬ ብሄድስ ማጭበርበር ይሆንብኝ ይሆን? አባታችን ጺማቸውን ያዝ አድርገው፣ "እሷ በእግሬ እደርሳለሁ አለች እንጂ በረዶ እረግጣለሁ ብላ ተስላለች? የተሳለችውስ በማን ነፍስ ነው? ባንተ። እንግዲያውስ የዳነውን ሰውዬ ይዘህለት ሂድ" አሉኝ። ከዚያ ደግሞ ጠቆር ብለው፣ "አሁንም ለከርሞ እንዳትል" ብለው ጨመሩበት። ከዚያ ቀን ወዲህ ቀለል ብሎኛል፣ እንቅልፌም ደህና ነው።

ከባዱ አባታችን አልነበሩም፣ ልጅሽ ናት። መጀመሪያ ስነግራት "ናይ ፓፓ፣ አይሆንም! ልብህስ?" ብላ ተነሥታ ቆመች። ሐኪሜ ጋ ይዛኝ ሄደች፤ ሐኪሙ መራመድ መልካም ነው ሲል ቅር አላት። በመጨረሻ ቃል አስገባችኝ። በረዶ ካየሁ ባለሁበት ቆሜ እደውላለሁ፤ በረዶ ላይ አንድ እርምጃ አልረግጥም። ከዚያ ወዲያ እኔን ትታ እቅዱን ራሷ ያዘችው። ምግብ የምንበላበት ጠረጴዛ ላይ ካርታ ዘርግታለች፤ ከየካቲት ወዲህ ምሳችንን የምንበላው ጉልበታችን ላይ አድርገን ነው። በረዶ ያለበትን በሰማያዊ እርሳስ ቀብታ በየሳምንቱ በላጲስ ታጠፋለች። ኮምፒውተሯ ላይ የየመንገዱን ካሜራ ከፍታ "ፓፓ፣ ና እይ፣ እዚህ ጋ ሣሩ ወጥቷል" ትለኛለች። ሹፌሮቹም ሳልጠይቃቸው ሪፖርት ያቀርቡልኛል። አንዱ ባለፈው ሰኞ ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮቱ "ያንተ ሸለቆ ጥቁር መሬት ሆኗል" ብሎ ጮኸልኝ።

አርኔ ያስጠነቀቀኝ ስለ ውሃው ነው። ከላይ የሚቀልጠው በረዶ ሁሉ በዚያ ሰሞን ግሎማን ስለሚሞላው የታችኛውን መንገድ ትቼ የላይኛውን እንድይዝ ነገረኝ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፣ እኔም ቃሉን እሰማለሁ። ግን ሳስበው ደስ ይለኛል። ያ ሁለት ዓመት ሰበብ ያደረግሁት በረዶ በጎኔ ውሃ ሆኖ ወደ ታች ሲወርድ እኔ ወደ ላይ ስሄድ ነው የምንተላለፈው።

ልምምዱን ብታዪ ኖሮ በሳቅ ትሞቺ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከተማ መሃል ግሮንላንድ ሰፈር ያሉት ሱቆች ሄጄ አሥር ኪሎ ጤፍ እገዛና ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ እስከ ሆልምሊያ በእግሬ እመጣለሁ። መጀመሪያ ቀን ግማሽ መንገድ ላይ ባቡር ገባሁ፤ ለማሂ ግን አልነገርኳትም። አሁን ሳላርፍ እደርሳለሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ትዪኝ አልነበር፣ ይኸው እንቁላሉ ሄደ። ቤቱ ግን ጤፍ በጤፍ ሆኗል፤ አቶ ተስፋይም እኔ በተለማመድኩ ቁጥር ድርሻቸውን ስለሚያገኙ ጉዞዬን መደገፍ ጀምረዋል። ጾመ ሐዋርያት ዘንድሮ ሰኔ አንድ ይገባል፤ ስለዚህ እስከዚያ በዚህ አገር ቡናማ አይብና ዳቦ እሄድና የመጨረሻዎቹን ቀናት በበሶና በቆሎ እዘልቃለሁ። ከማማው ሥር የማበራውን ጧፍ ማሂ በላስቲክ ሁለት ጊዜ ጠቅልላዋለች። ፖስት ካርድሽንም ከፍሪጁ ላይ አንስቼ ካርታው መሃል አድርጌዋለሁ።

እስካሁን "እሄዳለሁ" እያልኩ የጻፍኩልሽ ላስገርምሽ ብዬ ነው። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ማሂ ጫማሽን አወጣች። ሁለት ካልሲ ደርባ አደረገችው። ማሰሪያውን አጥብቃ ከሳሎን እስከ ማድ ቤት ሄደች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ሄደች። ፈተናዋ ከጉዞው በፊት ያልቃል፤ የበጋ ሥራዋም ጁን መጨረሻ ነው የሚጀምረው። ይህን ሁሉ ከየካቲት ጀምሮ አስልታ ስታበቃ ለእኔ አልነገረችኝም። ያንቺው ልጅ ናት። "ብቻህን ትሄዳለህ ብለህ ነበር?" አለችኝ።

ይህን ስትል ከታች ጣሪያው ሁለት ጊዜ ተመታ። አቶ ተስፋይ ናቸው። ማሂ በጫማሽ ተረከዝ ሁለት ጊዜ መለሰችላቸው። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ኋላ ቆሻሻ ልጥል ስወርድ ሰውዬው በራቸው ላይ ቆመው አገኘኋቸው፤ ዓይናቸው ቀልቷል። "ተቆጥቼ አይደለም የመታሁት" አሉኝ። "ያ እግር ናፍቆኝ ነው።"

ወደ ቤት ስመለስ የጫማውን ጠብታ ላጸዳው ጨርቅ ባነሣ ማሂ እጄን ያዘችኝ፤ እንዲህ እንዳለ ይሄዳል አለችኝ።

እንግዲህ ብርቄ፣ በየመሸበት ስምሽን ጠርቼ ነው የማድረው፤ ከመንገድም በኋላ እስካለሁ ድረስ እንዲሁ ነው። "ለከርሞ" የምትለውን ቃል እዚሁ ሆልምሊያ ትቻት እወጣለሁ። ሰኔ አሥራ ሁለት ጠዋት ጫማሽ ከማማው ሥር ይቆማል። እኔ ጧፉን እለኩሳለሁ፤ ልጅሽ ደግሞ በተረከዟ ድንጋዩን ሁለት ጊዜ ትመታለች። እሱን ስትሰሚ እንደደረስሽ እወቂ።

ያንቺው
ጌታሁን