ሁለቴ አንኳኳ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18
ከተማሪዎች ማደሪያ፣ ሦስተኛ ፎቅ (አዎ፣ ሦስተኛ!)

ይድረስ ለምወድህና ስልክ ለዘጋህብኝ አባቴ፣

እንዴት ነህ? እግርህስ? እማዬ ደህና ናት? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ይሄንኑ ልነግርህ ስጀምር ነው ጆሮዬ ላይ የዘጋኸው። እሺ፣ በወረቀት መጣሁብህ፤ ወረቀት አይዘጋም። የላክሁትም ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ቀለም ሱቁ ነው፣ እማዬ ቀድማ ከፍታ እንዳታለቅስበት። ደንበኛ ካለ ሸኘው፣ መነጽርህን አድርግና ቁጭ ብለህ አንብበኝ።

ፎቶውን ያሳየችህ አክስቴ መሆኗን አውቃለሁ። እሷ ስልክ ይዛ ምን ይደበቃታል! ቋጥኝ ላይ ቆሜ የምስቀው እኔ ነኝ፤ አልክድም። ስሄድ በሩ ላይ «ከመሬት እግሬን አላነሳም» ብዬ ቃል የገባሁልህም እኔው ነኝ። ቃሌን አጠፍኩ። «ሁለተኛ እዚያ የተራራ ክለብ ብትሄጂ አባት አለኝ እንዳትዪ» ያልክበትን የድምፅ መልእክት ደግሞ አራት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አምስተኛ አልሰማውም።

ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ልንገርህ። ኅዳር ስድስት ቅዳሜ ክለቡ እንደገና ተራራ ይወጣል። እሄዳለሁ። መሄድ ብቻ አይደለም፣ ከኋላ የምዘጋው እኔ ነኝ፤ ማንም እንዳይቀር መጨረሻ ላይ የሚሄደው ሰው ማለት ነው። ይሄን ለምን ለእኔ እንደሰጡኝ ስማና ከዚያ በኋላ ተቆጣ። አሁን ግን ቆይ።

ለነገሩ አንተስ ብትሆን! ህንፃ ግንባታ ተማሪ ብለህ ልከኸኝ፣ ህንፃ የሚማር ሰው ምድር ቤት ተቀምጦ ነው እንዴ የሚመረቀው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት አሥራ አራት ሆነን በዩኒቨርሲቲው አሮጌ አውቶቡስ ወጣን። የምትመራን የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ናት፤ በር ስትገባ ጎንበስ ስለምትል ረጅሟ እላታለሁ። ከጎኔ የተቀመጠው የሒሳብ ተማሪ ነበር፤ አዲስ ጫማው ገና ካርቶን ካርቶን ይሸታል። እሱም እንደኔ የመጀመሪያ ጉዞው ነው። እሱ መንገዱን ሙሉ ሲያወራ እኔ እንደ ልማዴ ዝም። እዚህ ሰው አገር ሁሉም የሚያውቀኝ በዝምታዬ ነው። አስተማሪዎቹ «ኧረ ድምፅሽን ከፍ አድርጊው» እያሉኝ ነው የሚውሉት። እኔም ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

ስንወጣ ምንም አልነበረም። ምሳችንን ጫፉ ላይ በላን፤ ያ ፎቶ የዚያን ሰዓት ነው። አባዬ፣ ከላይ ሆኖ ማየት ደስ ይላል። እንዴት ደስ እንደሚል ለአንተ አልነግርህም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ብሩሽህን ይዘህ እዚያው ነበርክ።

ስንመለስ ጉም መጣ። መንገዱ ላይ ፊትን ወደ ድንጋዩ አዙሮ በእጅና በእግር የሚወረድ ቋጥኝ አለ፣ የሁለት ሰው ቁመት ቢሆን ነው። ከሥሩ ጠባብ መተላለፊያ፣ ከመተላለፊያው ወዲያ ገደል። ሌሎቹ ወርደው አለፉ። እኔም ወረድኩ። የሒሳብ ተማሪው መሃል ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ረጅሟ ከፊት ጉሙ ውስጥ ገብታለች፣ ከሥር ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ከዚያ አንድ እጁን ለቀቀና ወደ ኋላው፣ ወደ ገደሉ ሊዞር ሲል አየሁት።

ልጠራው አፌን ከፈትኩ። ድምፅ አልወጣኝም። ለምን እንዳልወጣ እኔና አንተ እናውቃለን።

አባዬ፣ ጣውላው አልተሰበረም።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «የቆምኩበት ጣውላ ተሰብሮ ከፎቅ ወደቅሁ» ስትል ሰምቻለሁ፤ ለእማዬ፣ ለሐኪሙ፣ ለጎረቤቱ። ያ ምስኪን ኮንትራክተር በነገሩ ስንት ጊዜ ተረገመ! እኔ ግን በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ አይቼዋለሁ። ያንተ ነጭ ቀለም የፈሰሰበት ያው ጣውላ ድፍን ነበር፤ ሁለት ቀቢዎች ቆመውበት ይሠራሉ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ሞኝ ግን አልነበርኩም።

የቀቢዎችን ሕግም ከፊደል በፊት አስተምረኸኛል። «ላይ ያለ ሰው በስሙ አይጠራም። እንጨቱ ሁለቴ ይንኳኳል። ሰውዬው መጀመሪያ ይይዛል፣ ከዚያ ይዞራል።» ያን ቀን ረሳሁት። ከሦስት የክፍሌ ልጆች ጋር ሳልፍ ሁለተኛው ፎቅ ላይ አየሁህና ኩራቴን ማስቀመጫ አጣሁ። «አባዬ!» ብዬ ባለ በሌለ ኃይሌ ጮህኩ። ለምንም ፈልጌህ አልነበረም። ያ ላይ የሚታየው የማን አባት እንደሆነ እንዲያውቁ ብዬ ነው። አንተም እየሳቅህ ዞርክ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጥሩምባ ብለህ ጠርተኸኝ አታውቅም። እስከዚያ ድረስ ሌላ ስም ያለኝ አይመስልህም ነበር፤ «ጥሩምባ፣ ተነሺ፣ ሰፈሩ ባንቺ ነው የሚነቃው» ነበር የምትለኝ። አንተ እንዳይከፋኝ ብለህ ተውከው። እኔ ደግሞ ስሙን ያጠፋሁት እኔው ነኝ ብዬ ድምፄን አብሬ ቀበርኩት። ሁለታችንም አንድ ቤት ተቀምጠን አንዳችን ለሌላችን ስንዋሽ ኖርን። አይደክምህም? እኔ ደክሞኛል።

እዚያ ቋጥኝ ሥር ሆኜ በቃኝ አልኩ። ድንጋይ አነሳሁና ቋጥኙን ሁለቴ መታሁት። ኳ! ኳ! ልጁ የለቀቀውን እጁን መልሶ ከድንጋዩ ጋር አጣበቀው። ስሙን ብጠራው ይዞር ነበር፤ ሲንኳኳበት ያዘ። ሕጋችሁን ያወጣው ሰው ማን እንደሆነ እንጃ፣ የሰውን ልጅ ግን ያውቀው ነበር። ከዚያ ጮህኩ። የዚህ አገር ሰዎች ቋንቋ ከአፌ ጠፋብኝና በራሳችን «ያዝ! ሦስቱን ያዝ፣ አንዱን ብቻ ልቀቅ!» አልኩት፣ ልክ አንተ መሰላል ላይ ትለኝ እንደነበረው። ምን እንዳልኩ መቼ ገባው! ጩኸቱን ሰምቶ ግን ሙጥኝ አለ። ቋንቋው ሲመለስልኝ ግራ እግር፣ ቀኝ እጅ እያልኩ አወረድኩት። የፈሩት ይደርሳል ይላሉ፤ አልደረሰም።

መሬት ሲረግጥ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። እኔም አብሬው አለቀስኩ። ረጅሟ ጉሙን ጥሳ እየሮጠች መጣችና «ያ ሁሉ ድምፅ ያንቺ ነው?» አለችኝ። «የኔ ነው» አልኳት። ከኋላ እንድዘጋ የመረጡኝ ለዚህ ነው። አሁን ክለቡ በሙሉ «ያዝ» ማለት ተምሯል፤ ሲሉት ብትሰማ በሳቅ ትሞታለህ።

ስለዚህ አልተውም። የምትፈራው እንዳልወድቅ መሆኑን አውቃለሁ። እኔ ግን ካሁን በኋላ ባንተ ፍርሃት መሬት ለመሬት አልሄድም፤ በራሴም ጥፋት አፌን ዘግቼ አልኖርም። ይቅርታ አባዬ። ይቅርታ የምልህ ግን ለዚያ ቀን ነው። ቃሌን ስላጠፍኩ ይቅርታ አልልም። ግትር ካልከኝም ከጎረቤት አልተበደርኩትም።

ከጉዞው በፊት ባለው ዓርብ፣ ልክ ስድስት ሰዓት፣ ሱቁ ጭር ሲል እደውላለሁ። አንሳው። መናገር ካቃተህ አትናገር። በምርኩዝህ ባንኮኒውን ሁለቴ አንኳኳ፤ እኔ ይዤ እጠብቃለሁ። ከዚያ ወይ ትመርቀኛለህ ወይ ትሰድበኛለህ፣ እንዳሻህ። ባታንኳኳም ቅዳሜ እሄዳለሁ። ግን በናትህ አንኳኳ።

እማዬን ሳምልኝ። አክስቴን ደግሞ የሚቀጥለውን ፎቶ ራሴ እልክላታለሁ፣ ፍለጋ አትድከም በላት። ዕድሜህን ያርዝምልኝ፤ ያን እግርህን ብርድ አይንካብኝ። ላይ የነበርክበትን ዘመን ሳስብ ዛሬም ኩራቴን ማስቀመጫ አጣለሁ።

ልጅህ፣
ጥሩምባ