የሰዲቅ የራሱ ቃል

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

ከሰዲቅ ጋር ለቅሶ ደርሰን መጣን። የጎረቤታችን የአሕመድኑር እናት ወደ አኼራ ሄደው ነው። "አላህ ይዘንላቸው፣ ሶብሩን ይስጣችሁ" ብሎ መቀመጥ ምን ይከብዳል? የኔ ባል ግን ስልኩን አወጣ። ያ ኤአይ የሚሉት ያዘጋጀለትን ማንበብ ጀመረ... "ውድ እናታችን፣ እዚህ ጋ የሟች ስም ይግባ፣ ሁሌም በልባችን..." ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

መንገድ ላይ "ስማቸው ጠፋህ?" አልኩት።

"በደንብ ልናገር ብዬ ነው" አለ።

መምህር ነው እኮ! ድሮ እንዲህ አልነበረም። ጂዳ ሳለሁ ድምፁን ቀድቶ ይልክልኝ ነበር። እየተንተባተበ፣ እየሳቀ... እሱን እየሰማሁ ነው ተመልሼ ያገባሁት። አሁን ሽሮ ይሻላል ምስር ስለው እንኳ ስልኩን ይጠይቃል።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

ተጣላን። "ልጅ አንወልድም ወይ?" አልኩት። "ቆይ" ብሎ ስልኩን አነሳ። ቀምቼ አልጋው ላይ ወረወርኩት። "አንተን ነው የጠየቅኩት!" ስልኩን ይዞ ወጥቶ ሄደ። እናቱ ቤት ያድር ይሆናል። ይደር።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

መልእክት ላከ። "ውድ ፈርሂያ፣ አብረን ያሳለፍናቸውን መልካም ጊዜያት ከልብ አከብራለሁ። ሆኖም ለሁለታችንም ጤናማ ሕይወት ሲባል ትዳራችንን በመከባበር ማጠናቀቁ..."

ማጠናቀቅ! ፕሮጀክት ነኝ እንዴ?

አላለቀስኩም። ሰዲቅ በሕይወቱ "ውድ" ብሎኝ አያውቅም። "አንቺ ልጅ" ነው የሚለኝ። ፍቺዬን እንኳ ለስልክ አሳልፎ ሰጠው። ቆይ... አሳየዋለሁ።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

አጎቴ ሼህ አብዱልጀሊል ዘንድ ሄድኩ። ከከላላ ከተማ ወጣ ብለው ነው ለልጆች ቁርኣን የሚያስቀሩት። መልእክቱን አነበብኩላቸው። ድገሚው አሉኝ፣ ደገምኩት።

"ልጄ፣ ፍቺ ኒያ፣ የልብ ውሳኔ፣ ይፈልጋል። የልቡን ከአፉ ልስማ። እሁድ ይምጣ።"

"እዚሁ እርስዎ ግቢ ይሁን፣ አጎቴ።"

ለምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። እዚያ ኔትወርክ የለም። ስመለስ መንገዱን ሙሉ ብቻዬን ሳቅኩ።

ጥቅምት 16፣ እሁድ

ተበቀልኩ! ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። አሕመድኑርንም ጠርቼዋለሁ፤ በእናቱ ለቅሶ ላይ ያሳፈረንን ሰው ጉድ እሱም ይይ ብዬ። አጎቴ "በል ሰዲቅ፣ የልብህን ተናገር" አሉት። ስልኩን አወጣ። ነካካው። ወደ ላይ አነሳው። "አንዴ" ብሎ እስከ አጥሩ ሄዶ ተመለሰ። ወላሂ ጣፈጠኝ።

"መልእክቱን አስበህ ነው የጻፍከው?"

"እ... ሚስቴ ትጨቀጭቀኛለች፣ ምን ላድርግ ብዬ ስልኩን ጠየቅኩት። እሱ ጻፈልኝ። በደንብም ሳላነበው ላክሁት።"

አሕመድኑር "ታዲያ ያገባት ማን ነው? አንተ ወይስ ስልክህ?" አለ። ሰዉ አውካካ። ከሁሉም የኔ ሳቅ ጎልቶ ተሰማ። ሰዲቅ ቀና ብሎ አየኝ።

አጎቴ ብቻ አልሳቁም። "ኒያ ከሌለህ ፍቺ የለም። ሚስትህ ናት። ሂድና ብቻህን አስብ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ራስህ ያሰብከውን ትነግረናለህ።"

ስልኩን፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ እሳቸው እጅ ላይ ትቶት ሄደ። ይሄ ምን ማለት ነው?

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ

ይለምነኛል። እንደሚለምነኝ አውቃለሁ። ቶሎ እሺ አልለውም። ሽማግሌዎቹ ፊት ላብ በላብ እስኪሆን... ከዚያ በኋላ አያለሁ።

አረንጓዴ ቀሚሴን አጥቤ አሰጣሁ። እሱ የሚወደውን። ለምን አጠብኩት? እንጃ።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ

መጣ። ባዶ እጁን። ቆሞ ተንተባተበ... ያ የጂዳው ድምፅ።

"አንቺ ልጅ" አለ። "እኔ... ሰው ፊት መናገር እፈራለሁ። መሳሳት እፈራለሁ። ስልኩን የምይዘው ለዚያ ነው። ይሄን አንቺ ታውቂያለሽ። ከሁሉም ሰው አንቺ ብቻ ነሽ የምታውቂው። አውቀሽ ሰው ሰብስበሽ ሳቅሽብኝ።" እኔ መሳቄን ሁሉ ረስቼ እሱን እሰማለሁ። "አሰብኩበት። ፈትቼሻለሁ።"

አጎቴ "ኒያህ ነው?" አሉት።

"ኒያዬ ነው።"

አጎቴ ስልኩን ሲመልሱለት እንኳ አላየውም፤ ኪሱ ከቶት ወጣ።

የራሱን ቃል ነበር የፈለግኩት። ይኸው ሰጠኝ።

መሽቷል። አረንጓዴውን ቀሚስ እንደለበስኩ ነኝ።